ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት

ኒውዮርካዊው የአክሲዮን ደላላ ቢል ዊልሰን የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣው በ1934 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በተከታዩ ዓመት አክረን በምትባል የኦሃዮ ከተማ ቦብ ስሚዝ ከተባለ፣ እንደ እሱው መጠጥ ካሸነፈው ሐኪም ጋር ተገናኘና ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር ጀመሩ። ዊልሰን እስከሞተበት እስከ 1971 ድረስ አልኮል አልቀመሰም። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያቆም ለሰባኪ እንዴት በተመቸ ነበር።

አላቆመም። ከ1944 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል ይኸው ሰው በከባድ ድብርት ማቀቀ። ቢሮው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይይዛል፤ የሚያናግረው ሰው ሲመጣ መመለስ ያቅተዋል፤ አንዳንድ ቀን ያለቅሳል። ሃሪ ቲቡ ወደተባለ የአእምሮ ሐኪም ይመላለስ ጀመር። ይህን ያዩ የማኅበሩ ሰዎች፣ ለሌላው የሚያስተምረውን ራሱ ባይሠራበት ነው እያሉ ያሙት ነበር። ሲጋራው ደግሞ ሳንባውን እስኪጨርሰው አብሮት ኖረ። በመጨረሻ ቀኖቹ ሲያስታምሙት የነበሩ ነርሶች የጻፉት ማስታወሻ እንደሚያሳየው፣ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ውስኪ ጠይቆ ተከልክሏል።

ታዲያ ይህ ሰው ድኖ ነበር? መጠጡን በሚቆጥር ሰው መዝገብ፣ አዎ፤ ከዳኑት ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው። ቢሮው ገብቶ ላየው ሰው ግን መልሱ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ሱስን መተውና ጤነኛ መሆን አንድ ነገር ይመስላል። በቤተሰብ ጸሎትም፣ በጎረቤት ምክርም፣ በሐኪም ማዘዣም ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል። «እሱን ብቻ ይተውልኝ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» የማትል እናት ማን ናት?

የአእምሮ ሕመምና ሱስ አብረው እንደሚሄዱ መረጃው ከተሰበሰበ ቆይቷል። በ1990 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ የአልኮል ችግር ካለባቸው ሰዎች 37 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ወቅት የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸው፣ የሌሎች አደንዛዥ ነገሮች ችግር ካለባቸው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 53 በመቶው፣ እንዲሁ እንደነበረባቸው አሳይቷል። ክርክሩ የቱ ይቀድማል የሚለው ላይ ነው። ኤድዋርድ ካንትዚያን የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ሕመሙ ይቀድማል አለ። ሰው የሚመርጠውን ሱስ በዘፈቀደ አይመርጥም፤ ቁጣው የሚያቃጥለው ሄሮይን ያገኛል፣ ድብርት የተጫነው ኮኬይን ያገኛል፣ እያንዳንዱ ለራሱ ሕመም መድኃኒት እያዘዘ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ሐሳቡ ርኅራኄ አለው፤ ሱሰኛን ከወንጀለኛ ጎራ አውጥቶ ከታማሚ ጎራ ያስቀምጠዋል።

ጆርጅ ቬላንት ግን በዚህ አልተስማማም። እሱ የያዘው መረጃ በሕክምና ታሪክ እምብዛም የማይገኝ ዓይነት ነበር፦ የሃርቫርድ ተማሪዎችና የቦስተን ድሃ ሰፈር ልጆች፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሏቸው። በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሰዎቹ ጠጪ ከሆኑ በኋላ ልጅነታቸውን በሐዘን የተሞላ አድርገው ያወሩታል፤ ገና ልጅ ሳሉ የተጻፈው መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ ያንን አይልም። ድብርቱ በአብዛኛው መጠጡን ተከትሎ የመጣ ነበር። ሐኪሞችም በየዕለቱ የሚያዩት ነገር ይህን ይደግፋል፤ ተኝቶ ለመታከም የገባ ጠጪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታይበት ጥልቅ ሐዘን፣ ከመጠጥ ርቆ ሦስት አራት ሳምንት ሲቆይ ከብዙዎቹ ላይ ያለ መድኃኒት ይለቃል።

የቱ እንደሚቀድም ማወቅ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል፤ ምን እንደሚያዝና መቼ እንደሚያዝ ይወስንበታል። ሱሱን ለተወው ሰው ግን ጥያቄው የሚመጣው በሌላ መልክ፣ በሌላ ሰዓትም ነው። ያን ሰዓት ለማየት ከቦስተን ይልቅ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅማ መምጣት ይሻላል።

ምሳ ይበላል፤ በባዶ ሆድ አይቃምም። ስምንት ሰዓት ገደማ በኮባ የተጠቀለለው ጫት ይፈታል። አወዳይ ነው፣ ገለምሶ ነው፣ ወይስ በለጬ የሚለው ክርክር የተጀመረው ገና ሱቁ በር ላይ ነው። ለውዝ፣ ስኳር፣ ለስላሳ፣ ውኃ ይደረደራል፤ እጣን ይጨሳል። ቀንበጡ እየተመረጠ ወደ አፍ፣ ገራባው ወደ ጎን። የመጀመሪያው ሰዓት ጨዋታ የለውም፤ ሀራራ ያለበት ሰው ንግግር አያምረውም፤ ጉንጭ ብቻ ይሠራል። ቀጥሎ የሆነ ቦታ ላይ፣ ማንም ሳያውጅ፣ ክፍሉ ይሞቃል። ያልተናገረ ይናገራል፤ ያኮረፈ ይታረቃል። ስለ ዶሮ እርባታ ይወራል፣ ስለ ፊልም ጽሑፍ፣ ስለ ማስተርስ፣ ካናዳ ስላለው የአጎት ልጅ። የዶሮው ሒሳብ በወረቀት ላይ ይሠራል፤ መኖው፣ መብራቱ፣ የሚሞተው ጫጩት ሳይቀር ይቀነሳል፤ ትርፉ ግን ሁልጊዜ ይተርፋል። በምርቃና ያልተሠራ ፎቅ የለም ተብሎ ይቀለዳል፤ ቀልዱን የሚያወሩትም ቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ጨዋታው ይከስማል። ሁሉም ስልኩን ወይም ግድግዳውን ያያል። ሲመሽ ምርቃናውን የሚሰብር ጨብሲ ያስፈልጋል፤ ቢራ ወይም አረቄ፣ ካለዚያ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ሲነጋ ዶሮውም ፊልሙም የሉም፤ አፍ ደርቋል፣ ሆድ ታስሯል፣ ሰው ያስጠላል። እስከ ስምንት ሰዓት።

ከቅጠሉ ውስጥ ይህን የሚሠራው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ የተለየው በ1975 ነው። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ጫት ትኩስ መድረስ አለበት፤ ከሐረርጌ የሚበሩት አይሱዙዎች «አልቃይዳ» የሚል ስም ያተረፉትም በከንቱ አይደለም።

ድብርት ያለበትን ሰው ያነጋገረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ሐዘኑ ከሌላው ሰው ሐዘን የሚለየው በብዛቱ አይደለም። ያ ሰው ነገ የለውም። ዛሬ የከፋው ጤነኛ ሰው ነገን ያስባል፤ ድብርት የያዘው ሰው ግን ወደ ፊት ሲመለከት የሚያየው ያንኑ ዛሬን ነው፣ ተደጋግሞ። ምርቃና የሚሰጠውም በትክክል ይህን የጎደለውን ነገር ነው። ጫት የሚቃመው ለጣዕሙ አይደለም፤ መራራ ነው። ለደስታው ብቻ ነው ማለትም አይቻልም፤ ደስታ ከሌላ ቦታም ይገኛል። የሚቃመው ለተስፋ ነው። በቀን ለጥቂት ሰዓት ሰው ነገ ይኖረዋል፤ ያውም ሰፊ፣ ብሩህ፣ ዝርዝር ሒሳብ የተሠራለት ነገ። ችግሩ ያ ነገ እዚያው ክፍል ውስጥ ተበልቶ ማለቁ ነው። የታሰበው ነገር እንደተሠራ ያህል ያረካል፤ የረካ ሰው ደግሞ ጠዋት ተነሥቶ መኖ አይገዛም። እንዲህ ሲታይ የቱ ይቀድማል የሚለው ክርክር መልኩን ይለውጣል። ነገ የሌለው ሰው ጫት ውስጥ ነገን ያገኛል፤ ጫት ውስጥ ነገን ያገኘ ሰውም ውጭ ያለው ነገ ቀስ በቀስ ይከስምበታል።

ሰውነት ቶሎ ነው ነጻ የሚወጣው። ጫት ያቆመ ሰው እንደ ጠጪ አይንቀጠቀጥም፣ እንደ ሄሮይን ተጠቃሚ አጥንቱ አይቆረጥም። ድካም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ ንጭንጭ፣ ድብት ማለት፤ አብዛኛው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀላል። ከባዱ ሌሊት ነው። ዱካክ ይመጣል፦ ያንቃል፣ ያሳድዳል፣ ከገደል ይጥላል። የተነፈገውን ድርሻ ሊጠይቅ የሚመጣ መንፈስ ነው የሚሉም አሉ። ሐኪሞች ከሌሎች አነቃቂ ነገሮች ተነሥተው የሚሰጡት ማብራሪያ አለ፤ በአነቃቂው ታፍኖ የቆየው የሕልም እንቅልፍ ሲለቀቅ በጎርፍ ይመለሳል። የሐኪሙ ማብራሪያ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የቃሚዎቹ ግን አንድ የሚበልጥበት ነገር አለው። ከውስጥ የሚጠይቅ አካል እንዳለ፣ የሚጠይቀውም እንደ ዕዳ መሆኑን ይናገራል።

ዱካክም ያልፋል። የማያልፈው ስምንት ሰዓት ነው፤ በየቀኑ ይመጣል። ምሳ ተበልቷል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ጓደኞች የት እንዳሉ ይታወቃል። የሱቁ ባለቤትም ክፋት የለባትም፤ የምትጠራው በፍቅር ነው፦ «ወንድሜ፣ ጠፋህ እኮ! አሞህ ነው? ጥሩ ገለምሶ አስቀምጬልሃለሁ።» በዚያች ከተማ፣ በዚያ ሳምንት፣ ስለ ጤናው የጠየቀችው ሰው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ቦታ ምን ያህል እንደሚይዝ ለማየት ከቬትናም የተመለሱትን ወታደሮች የሚያክል ማስረጃ የለም። በ1971 የአሜሪካ መንግሥት ደነገጠ፤ እዚያ ከነበሩት ወታደሮቹ ብዙዎቹ ሄሮይን ይወስዱ ነበርና። ወደ ሀገር የሚመለስ ሁሉ ሽንቱ እየተመረመረ እንዲሳፈር ተደረገ። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ በዚያ ዓመት የተመለሱትን ተከታትላ አነጋገረች። ከአምስቱ አንድ ያህሉ እዚያ ሳሉ ሱሰኛ እንደነበሩ ተናገሩ። ከነዚህ መካከል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 በመቶ ያህል፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ 12 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ ሲታወጅ ያላመናት ሰው ብዙ ነው። ሄሮይን ያን ያህል በቀላሉ ይለቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የለቀቀው ጦር ሜዳው ነበር፤ ፍርሃቱ፣ መሰላቸቱ፣ ርካሹ ዕጽ፣ አብሮ የሚወስደው ጓደኛ፣ ሁሉም ውቅያኖስ ማዶ ቀሩ።

ሐበሻ ይህን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ካቲኖን በአሜሪካ በጥብቅ ከተከለከሉት ጎራ ነው፤ ሆላንድ ጫትን በ2013 አገደች፣ እንግሊዝ በ2014። አውሮፕላን ሲሳፈሩ እንዳቆሙና ዓመታት ሙሉ እንኳን ሊቅሙ ትዝ እንዳላላቸው የሚናገሩ ስደተኞች አይጠፉም። እነዚሁ ሰዎች ለክረምት ዕረፍት ቦሌ ሲወርዱ፣ ሳምንት ሳይሞላ በድሮው ቤት፣ በድሮው ፍራሽ ላይ ይገኛሉ። የራሳቸው ጽናት ነው ብለው ያሰቡት ሲያትል ኖሯል።

ሰፈሩን ትቶ መሄድ የማይችለው ግን ምን ያድርግ? ወታደሩ የተመለሰው ከሱሱ በፊት ወደነበረው ሕይወት ነው፤ ሥራ፣ እጮኛ፣ የእናት ቤት ይጠብቀው ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ለማትሪክ ጥናት ብሎ የጀመረ ልጅ በሠላሳ አራት ዓመቱ ሲያቆም ወደየትኛው ራሱ ይመለሳል? ከጫት በፊት የነበረው ሰው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ፍቅር የያዘው፣ ሐዘን የደረሰው፣ ሥራ የተቀጠረው፣ የተባረረው፣ ሁሉንም ጉንጩ ሞልቶ ነው። ሌሎች በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የተማሩትን፣ ማለትም አሰልቺ ከሰዓትን ዝም ብሎ ማሳለፍን፣ ሐሳብ ሳይሞቅ ሥራ መጀመርን፣ ተቆጥቶ መተኛትን፣ እሱ በሠላሳ አራት ዓመቱ ሀ ብሎ ይጀምራል። ይህን ማገገም ከማለት እንደ አዲስ ማደግ ማለት ይቀላል። ደግሞ ያፍራል፤ የሚያፍርበትንም ለማንም አይናገርም። አእምሮው የሚታመመው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው፣ ካቆመ በኋላ፣ ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ብሎት ከሄደ በኋላ።

ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ሰውም አለ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሚካኤል ኦደንዋልድና ባልደረቦቹ በሶማሌዎች መካከል ባካሄዱት ጥናት፣ የጦርነት ሰቀቀን የያዛቸው ታጣቂዎች ከሌሎቹ አብልጠው እንደሚቅሙ፣ መርሳት እንዲረዳቸው የሚቅሙም እንዳሉ አይተዋል። ቀደም ሲል ሐርጌሳ ላይ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ቀድመው የጀመሩና በብዛት የሚቅሙ ሆነው ተገኝተዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ጫቱን ብቻ መንጠቅ፣ የቁስሉን ሽፋን ገልጦ መተው ነው።

ቅጠሉ በራሱ ይህን ሁሉ ያደርጋል ማለትም አይደለም። በ1999 የታተመው የአታላይ ዓለምና የባልደረቦቹ የቡታጅራ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ እንደሚቅሙ አገኘ፤ ከሚቅሙት 80 በመቶው የሰጡት ምክንያት ጸሎት ላይ ልብ ለማሰባሰብ የሚል ነበር። በየቀኑ የሚቅሙት ከአምስቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። ወሎ ውስጥ በወዳጃ፣ በጋራ ጸሎቱ ላይ፣ ጫቱ ከቡናውና ከዱአው ጋር ይመጣል፤ የሚያስጀምር ሽማግሌ አለ፣ የሚያበቃበትም ሰዓት አለ። ይህንንም የሚያወግዙ የሃይማኖት መምህራን አሉ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ እዚያ ተስፋው ከቅጠሉ ውጭ ያለ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው። ከተማው ቅጠሉን ወሰደና ዱአውን ተወው።

ስለ ሕክምናው ሲነሣ ብዙ ሰው አማኑኤል ሆስፒታልን ያስባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው ይህ ተቋም ለአሥርተ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውም በ2003 ነው። ስለዚህ ቤተሰብ አስቀድሞ ወደ ጸበል ቢወስድ ማን ይፈርዳል? ሽንቁሩ ሚካኤል ወይም እንጦጦ ማርያም የገባ ሱሰኛ ሌሊት ይነሣል፣ ይጠመቃል፣ ይሰግዳል፣ ይጾማል፤ ዙሪያውን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አብሮ ይውላል። ቬላንት መጠጥ ትተው የቆዩ ሰዎቹን ሲመረምር አራት ነገር ነበር ደጋግሞ ያገኘው፦ ከውጭ የሚቆጣጠር ነገር፣ በሱሱ ቦታ የገባ ሌላ ልማድ፣ አዲስ ወዳጅነት፣ ተስፋ የሚሰጥ እምነት ወይም ማኅበር። ጸበል ቦታ አራቱም አሉ። ከዚህም በላይ የከሰዓቱ ሰዓት እዚያ ባለቤት አለው። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ በሰንሰለት የሚታሰር አለ፣ መድኃኒቱን አቁም ተብሎ ሕመሙ የሚያገረሽበት አለ። እምነቱንና ክኒኑን አብሮ የሚያስኬድ ካህንና ሐኪም የተገናኙለት ታማሚ ዕድለኛ ነው።

ከአራቱ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ግን ወዳጅነቱ ይመስላል። ቬላንት እንደሚለው መጠጥ የተወ ሰው ቀድሞ ካልበደለው ሰው ጋር አዲስ ግንኙነት ሲመሠርት የመጽናት ዕድሉ ይጨምራል። ምክንያቱን ለመረዳት ቤት ውስጥ ያለውን ማየት ይበቃል። ከተወ ሦስት ወር የሆነው ባል አሥር ደቂቃ አምሽቶ ሲገባ ሚስት ትንፋሹን ታሸታለች፣ ጥርሱን ታያለች።

«የት አመሸህ?»

«ታክሲ አጥቼ ነው።»

«እስቲ ወደ እኔ ዙርና ተናገር።»

እሷ ልክ ናት፤ ስንት ጊዜ ተዋሽታለች፣ ስንት ጊዜ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ጎድሏል። እሱም ልክ ነው፤ የዛሬው እውነት ነው። እሷ የምታየው ያለፈውን ሰው ነው፣ እሱ እንዲታይለት የሚፈልገው ገና ያልመጣውን። ይህን ክፍተት የሚሞላ ሰው፣ ያለፈውን የማያውቅ አሠልጣኝ፣ የሰንበቴ ጓደኛ፣ አዲስ አለቃ፣ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ለሚስቲቱ ግን ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዓመታት የተሸከመችው እሷ፣ የሚያድነው እንግዳ።

አሁን አሁን ደግሞ ያ ባዶ ከሰዓት ሌላ ተከራይ እያገኘ ነው። ጫት ያቆሙ ወጣቶች በየሰፈሩ በተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ይታያሉ። ምሳ በልተው ይመጣሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን ያያሉ፣ የማንቸስተርን የአጥቂ ጉዳት በወረቀት ላይ ያሰላሉ። ክርክሩ ይሞቃል፣ ሒሳቡ በዝርዝር ይሠራል፣ ትርፉም ሁልጊዜ ይተርፋል። አፍ አይደርቅም፣ ዱካክ አይመጣም፣ ጨብሲም አያስፈልግም። ጫት ብቻ የሚጠይቅ ሐኪም በመዝገቡ ላይ «ትቷል» ብሎ ይጽፍለታል፤ እናቱም ስለት ታስገባለች።